በቃል የሚያደነዝዙት ሃምሳ አለቃ

የመንደራችን ባለወፍጮ ሞተሩን በሥራ ሰዓት የሚያጠፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ባለፈው ጥቅምት ገብስ ላስፈጭ ተራ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ሞተሩ ድንገት ዝም አለ። ወንዶቹ ቆባችንን አወለቅን፤ ማን እንደሞተ ግን ገና አላወቅንም። ባለወፍጮው ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ እየጠረገ ወጣና ወደ እኔ አየ።

«አያ ተክሌ፣ ሃምሳ አለቃ ንጋቱ አረፉ» አለኝ።

ትንሽ ጠበቀና ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ። ገብሴንም ያለ ተራዬ ፈጨልኝ። ማንም አልተቆጣም።

በማግስቱ ቀበርናቸው። አራት ካህናት ፍትሐት አደረሱላቸው፣ ሰንበቴው ተሸከማቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ከትልቁ ጽድ ሥር አረፉ። ጥሩ ቦታ ነው፤ ጎርፍ አያገኘውም። አጠገቤ የቆመ አንድ ጎልማሳ «መርፌ ሲወጉ እጃቸው ከባድ ነበር፤ ሰውነታቸው ግን ጥሩ ነበር» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሃምሳ አለቃ ያንን ቦታ ለማግኘት ምን እንደተዉ ጎልማሳው አያውቅም። የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ እዚያው ግቢ ውስጥ ተኝተዋል። ስለዚህ እኔ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና እጄ ቀስ ይላል፤ አንባቢም ቀስ ብሎ ይከተለኝ።

እኔ የክሊኒኩ ዘበኛ ነበርኩ። ክሊኒካችን ከመንዝ ከተማ ከሞላሌ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ፣ ሁለት ክፍል ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው። ዘበኛ ሲባል ካርድ የሚሰጥ፣ ተራ የሚያስይዝ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ማለት ነበር። ሃምሳ አለቃ ንጋቱ የመጡት መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። በደርግ ጦር ውስጥ ቁስለኛ ያክሙ ነበር። ጦሩ ሲፈርስ ተሃድሶ ገብተው ወጡና ጤና ረዳት ተብለው እኛ ዘንድ ተመደቡ። የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፤ ከዓለም ከተማ ቁልቁል ከቆላው። እኛ አገር ዘመድ አልነበራቸውም። የወታደር ካፖርት፣ የጣውላ ሳጥንና አንድ ደብተር ይዘው መጡ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም ነበር። እኔ ራሴ ዘገምተኛ ነኝ፤ ከሳቸው ጋር ስሄድ ግን ችኩል እመስል ነበር።

መጀመሪያ የታዘብኩት ነገር፣ ሰው ሲገባ ፊቱን አያዩም፤ ደረቱን ነው የሚያዩት። በሳምንቱ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ አገጯ አጣፍታ እኔ ዘንድ ለአቤቱታ መጣች።

«ይህ ሰውዬ ደረት ያያል።»

ሄጄ ጠየቅኳቸው። «አተነፋፈስ ነው የማየው» አሉኝ። ተመልሼ ነገርኳት።

«ይተውልኛ! እኔ በራሴ እተነፍሳለሁ» አለችና ሄደች።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲዘጋ ማደንዘዣው ያልቃል። በዚያ ክረምት ወይዘሮ አሰለፈች የምትባል፣ ለባና የበግ ጠጉር የምትፈትል ሴት መዳፏ አብጦ፣ መግል ቋጥሮ መጣች። መከፈት አለበት። በደኅናው እጇ እንዝርቷን ይዛለች፤ መፍተል ባትችልም ያለሱ ከቤት መውጣት አልሆነላትም።

«ማደንዘዣ የለም» አሏት ሃምሳ አለቃ። «ከፈለግሽ በንግግር እንሞክረው።»

«በንግግር ከሆነማ ባሌስ ምን አነሰው?» አለች።

«ባልሽ ይቸኩላል» አሏት። እውነት ነው፤ ይቸኩላል። አሰለፈችም በዚህ ተስማማች።

እንዝርቱን ተቀብለው በክሩ ከጣራው ማገር ላይ አንጠለጠሉት። ወንበር ላይ አስቀመጧትና ጫፉን እንድታይ ነገሯት። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ሰማሁ። «ወንበር ላይ ተቀምጠሻል» አሏት። እውነት ነው። «ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማሻል።» ይሄም እውነት ነው። «ትተነፍሻለሽ።» በዚህም የሚከራከር የለም። እያንዳንዱን ቃል የሚናገሩት ትንፋሿን ስታስወጣ ነበር። «ዓይንሽ ደክሞታል» ሲሏት፣ ሦስት ጊዜ እሺ ያለ ሰው አራተኛውን እንቢ አይልምና፣ ዓይኗ ተከደነ።

«አሁን ደረጃ ትወርጃለሽ። አሥር ደረጃ ነው። አንድ…»

አሰለፈች አንድ ዓይኗን ገለጠች። «የምን ደረጃ?»

«የፎቅ ደረጃ።»

«የትኛው ፎቅ?»

ሃምሳ አለቃ አሰቡ። እኔም አሰብኩ። ባሰብንበት ሁሉ ፎቅ አልነበረም።

«ተዪው፤ ደረጃው ቀርቷል» አሏት። «እስቲ ንገሪኝ፤ እጅሽ የራስሽ እጅ የማይመስልሽ መቼ ነው?»

«ጓሳ ሲከፈት ነዋ» አለች። ጓሳ የደጋ ሣር ሜዳ ነው፤ ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና ለአጨዳ ሲፈቀድ አገሩ ሁሉ በማለዳ ይወጣል። «አመዳዩ ሳይነሣ ሣሩን ስጨብጥ ጣቶቼ ትተውኝ ይሄዳሉ። ማጭድ ቢቆርጠኝ ደሙን አይቼ ነው የማውቀው።»

«እንግዲያው ጓሳ ተከፍቷል» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። «ማልደሽ ወጥተሻል። ሣሩ ነጭ ነው። ጨብጪው።»

ጨበጠች። ፊቷ ሲቀዘቅዝ አየሁ። መዳፏን ከፈቱት፣ መግሉ ወጣ፣ አጥበው አሰሩት። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ «ዘንድሮ ሣሩ ረዝሟል» አለች። ሲጨርሱ ከአንድ እስከ አሥር ቆጥረው አመጧት። አሠራቸው እንዲህ ነበር፤ ያወረዱትን ሰው ሳያወጡ ለምሳ እንኳ አይነሡም። አሰለፈች ጨርቅ የተጠመጠመበትን እጇን አየች፤ ከዚያ ዙሪያዋን አየች።

«ሣሬስ?» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲያልቅ ከክሊኒኩ ጀርባ አግዳሚው ላይ ፀሐይ እንሞቅ ነበር። ያን ቀን ጠየቅኳቸው። ያስተማራቸው አንድ የኩባ ሽማግሌ ሐኪም ነው፤ ጦር ሜዳ ላይ መድኃኒት አልቆ ቁስለኛ ሲበዛ። ሐኪሙ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ይተረጉማል። «መጀመሪያ የተያዘው አስተርጓሚው ነው» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ ያለውን ትምህርት በእጅ ምልክት ነው የተማርኩት።»

«እንቅልፍ ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም። እንቅልፍ ቢሆን አንተ ታስተምረኝ ነበር።»

ነገሩን ቀስ በቀስ፣ በብዙ ከሰዓት በኋላ ነገሩኝ። የያዘው ሰው ይሰማል፣ ያውቃል፣ ብቻ ሐሳቡ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቧል። ሌላውን ነገር ለጊዜው ትቶታል። የማይፈልገውን አታሠራውም፤ በሩ የሚከፈተው ከውስጥ ነው። «አያምህም» ብለህ አትናገር፤ ሰውዬው የሚሰማው «ያምሃል» የሚለውን ነው። «ይቀዘቅዛል» በል። ራሱ ወደሚያውቀው አገር ውሰደው። እኔንም ይለማመዱብኝ ነበር። «ቀኝ እጅህ እየቀለለ ነው» ሲሉኝ እጄ እንደ ጢስ ብድግ ትላለች፤ እኔ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። በሁለተኛው ወር ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ብቻ ይበቃኝ ነበር። «እንዳንተ ያለ ሰው ከመቶ አንድ አይገኝም» አሉኝ። ትምህርት ቤት እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚደጋግሙት ግን አንድ ነገር ነበር። «ሥራው ግማሹ የሚያልቀው ውጭ ነው፤ አንተ ዘንድ። አግዳሚው ላይ ሆነው ስለ አሰለፈች ስትነግራቸው በሩን ሳያልፉ ይቀዘቅዛሉ። ይሆናል ብሎ የገባ ይሆንለታል። አይሆንም ብሎ ለገባው እኔ የማደርግለት የለም።» እኔም ተግቼ እናገር ነበር። ምንም አልጨመርኩበትም፤ ሣሩን ብቻ ትንሽ አስረዘምኩት።

አንድ መንገደኛ ክሊኒካችን ገብቶ ሞተብን። ነጋዴ ይመስላል። ስሙን እንጂ አገሩን አልነገረንም። ንስሐ አባቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከቁልቋሉ አጠገብ እኔና ሃምሳ አለቃ ቆፍረን ቀበርነው። ስንመለስ አካፋውን እንደያዙ ቆሙ።

«ተክሌ፣ እኔ ብዙ ሰው መሬት ላይ ትቼ መጥቻለሁ» አሉኝ። «ስማቸውን አውቃለሁ፤ አፈር ግን አላለበስኳቸውም። ጊዜ አልነበረም። ለራሴ ብዙ አልፈልግም። ስሜን የሚያውቅ ቄስ በአጥሩ ውስጥ አንድ አካፋ አፈር እንዲያለብሰኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሡም። በሳምንቱ ግን ወደ መምሬ ገብረ ጻድቅ፣ የደብራችን ቄስ ዘንድ ሄደው ንስሐ አባት ይሁኑኝ ሲሉ ለመኑ። መምሬ «እናያለን» አሏቸው። መምሬ «እናያለን» ያሉትን ነገር ለማየት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ሃምሳ አለቃ ሊጠብቁ ተዘጋጁ። መጠበቅ ያውቁበታል።

በዚህ መሐል ነው ስሕተቱ የመጣው።

አያ ሽፈራው የሚባል ገበሬ ወገቡን ይዞት፣ እንደ ጎበጠ መጣ። ሃምሳ አለቃ አሰቡ። ላበጠ እጅ ብርድ ጥሩ ነው፤ ለያዘው ወገብ ግን ሙቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጓሳን ትተው ወደ ቆላ ሊወስዱት ወሰኑ። እሳቸው የቆላ ልጅ ናቸው። ቆላ ሲባል ማንጎ፣ ሞቃት አሸዋ፣ እናታቸው ቤት ነው። አያ ሽፈራው ደግሞ ቆላ ወርዶ የሚያውቀው አንድ ጊዜ ነው፤ የወረደው ከወንድሙ ጋር፣ የተመለሰው ብቻውን።

ይህንን ማናችንም አልጠየቅነውም።

«ቁልቁለቱን ጀምረሃል» አሉት። «በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል። በርኖስህን አውልቅ።» ሽፈራው ዓይኑን እንደከደነ በርኖሱን አወለቀ። በአራተኛው መታጠፊያ ወገቡ ቀና ማለት ጀመረ። በሰባተኛው ላብ አላበው። ሃምሳ አለቃ ደስ ብሏቸው ወደ እኔ አዩ። «ጀማ ወንዝ ደርሰሃል። አየሩ ሞቃት ነው…» ሲሉት ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ወንበሩ ከሱ ጋር ተንቀጠቀጠ።

«ምን ተሰማህ?» አሉት።

«ወባ» አለ ሽፈራው።

ሃምሳ አለቃ ፈጥነው አወጡት። ሲፈጥኑ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ቢወጣም መንቀጥቀጡ አልተወውም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ተንቀጠቀጠ። ደሙ ተወስዶ ተመረመረና ምንም የለበትም ተባለ። ሚስቱ ግን ለገበያ የወጣውን ሰው ሁሉ እየያዘች «ባሌን ከወንበር ሳይነሣ ቆላ አውርደው ወባ አስያዙት» እያለች ተናገረች። የሚያስቀው ወገቡ ድኗል። እሱን ማንም አልተናገረም። ሃምሳ አለቃ በዚያ ማታ ደብተራቸው ላይ «ቆላ፦ ለመንዝ ሰው አይሆንም» ብለው ጻፉ።

አፍዝ አደንግዝ ነው ተባለ። ሰውን በቃል ፈዝዞ እንዲቀር የሚያደርግ ድግምት ማለት ነው። ወሬው መምሬ ዘንድ ሲደርስ «እናያለን» ያሉት ነገር ዓመቱን ሳይጠብቅ ታየ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሃምሳ አለቃ ደጀ ሰላም እንዲቀርቡ ተጠሩ። እኔም በምስክርነት ሄድኩ።

ደጀ ሰላሙ ሞልቷል። የሰንበቴው ሰዎች በዙሪያው ተቀምጠዋል። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ላይ፣ በስተ ቀኛቸው አያ ዘነበ። አያ ዘነበ ሽማግሌ ነው፤ ዳኝነት ሲቀመጥ ለቀልድ፣ ቀልድ ሲቀመጥ ለዳኝነት የሚነሣ።

«ይህ ነገር አፍዝ አደንግዝ ነው ወይስ አይደለም?» አሉ መምሬ።

«አይደለም፣ መምሬ። ንግግር ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ንግግርማ እኔም እናገራለሁ። ሰው ወባ አይዘውም።»

«ይተኛል እንጂ ወባስ አይዘውም» አለ አያ ዘነበ። ጥቂት ሰው ሳቀ። መምሬ አልሳቁም።

«እንግዲያው እኔ ላይ አድርገው» አሉ። «ከያዘኝ ድግምት ነው፤ ግዝት ነው፤ ከዚህ ደጅ አትደርስም። ካልያዘኝ ደግሞ እንነጋገራለን።»

ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ወደ መምሬ ደረት አወረዱ። ፊታቸውን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም። ከዚያ «በበሩ መቃን ላይ ያለችውን ሚስማር ይመልከቱ» አሉ። መምሬ ሚስማሯን ሊነቅሏት የፈለጉ ይመስል አፈጠጡባት። መስቀሉን ጨብጠዋል፣ በከንፈራቸው ይጸልያሉ።

«ተቀምጠዋል። የሰዎቹ ድምፅ ይሰማዎታል። ይተነፍሳሉ። አሁን ከፎቅ ላይ በደረጃ ይወርዳሉ። አሥር ደረጃ ነው…»

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ሰማሁ። ደረጃ! ደረጃ እኛ አገር እንደማይሠራ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። አያ ዘነበም ወዲያው ገባበት።

«ሃምሳ አለቃ፣ ፎቁ ላይ ማን አወጣቸውና ነው የምታወርዳቸው?»

ደጀ ሰላሙ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ አልተቆጡም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱት። ሲያልቅ እንደገና ጀመሩ። «እጅዎ እየቀለለ ነው» አሉ። የመምሬ እጅ መስቀሉ ላይ እንደ ብረት ደርቃለች። «እየቀለለ ነው… እየቀለለ…» አሉ፣ በዚያ በወፍራሙ ድምፅ፣ ዝቅ አድርገው።

እሳቸው ቄሱን እያዩ ነበር። እኔን ረስተውኛል። እኔም ራሴን ረስቻለሁ። እጄ ብድግ አለች።

እዚህ ላይ ስለዘመኑ ትንሽ መናገር አለብኝ። ያኔ ስብሰባ በዝቶ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀበሌ እንሰበሰብ ነበር። እጅ ያወጣ ሰው አስተያየት አለው ማለት ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም።

«ተክሌ እጅ አውጥቷል» አለ አንዱ።

«ተራውን ይጠብቅ» አለ ሌላው።

ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ። ሁሉን እሰማለሁ፤ ብቻ ከሩቅ ነው፤ እነሱ ወንዝ ማዶ ሆነው የሚነጋገሩ ይመስለኛል። በመጨረሻ መምሬ ዓይናቸውን ከሚስማሯ አነሡ።

«ተናገር እስቲ ተክሌ።»

«የምናገረው የለኝም» አልኩ።

«ታዲያ እጅህን አውርዳ።»

«እሷ ራሷ ናት የወጣችው» አልኩ። እውነቱን ነው የተናገርኩት። በዚያ ሁኔታ ሰው ውሸት ለመፈለግ ይሰንፋል።

አያ ዘነበ ተነሥቶ መጣና ፊቴን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ኧረ ይህ ሰው ተይዟል!» አለ።

መምሬ ከእኔ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞሩ። ሃምሳ አለቃ ሲገረጡ ያየ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ አመድ ሆነው ነበር ብለው ብዙዎች ነግረውኛል። አንድ ቃል ቢናገሩ ያበቃል። ዝም ቢሉም ያበቃል። ዙሪያው የተቀመጠው ሰው ከእኔ ሸሽት ሸሽት ማለት ጀመረ።

ያን ጊዜ አያ ዘነበ ወደ ኋላ ተንጋሎ ሳቀ።

«ምን ታፈጥጣላችሁ? ተክሌ እኮ ዘበኛ ነው! ዘበኛ ሲተኛ ነው እንዴ ድግምት የሚባለው? ነቅቶ ቢገኝ ነበር ጠበል የሚያስፈልገን!»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። መምሬ ራሳቸው፣ የእውነት፣ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሃምሳ አለቃ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ንቃ ተክሌ፣ ሰው ፊት አታሳፍረኝ» አሉኝ። ነቃሁ፤ እጄም ወረደች።

«አልተኛሁም። ሁሉን እሰማ ነበር» አልኩ።

«ዘበኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አለ አያ ዘነበ።

ሳቁ ሲበርድ መምሬ ፍርድ ሰጡ። «እንግዲህ አያችሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለፈለፈብኝ፤ ምንም አልሆንኩም። ይህ ሰው ደብተራም አይደለም፣ ጠንቋይም አይደለም። ወሬኛ ነው። ወሬኛ ደግሞ አይገዘትም፤ ቢገዘት ደጀ ሰላሙ ባዶ ይቀር ነበር።» ከዚያ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞረው መስቀላቸውን ዘረጉ። «ና ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ንስሐ አባትህ እኔ ነኝ።»

ሃምሳ አለቃ ተንበርክከው ተሳለሙ። ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው። የሰንበቴው ሰዎች ዳቦና ጠላ አቀረቡላቸው፤ በላይኛው ረድፍ አስቀመጧቸው። «ወሬኛው፣ እስቲ አንድ ደረጃ ፈቀቅ በልልኝ» እያሉ ቀለዱባቸው። አብረው ሳቁ።

ስንመለስ ጅረቱን እንደተሻገርን ጥያቄዬን መያዝ አልቻልኩም።

«ለምን በደረጃ አደረጉት?» አልኳቸው።

«ሐኪሙ ያስተማረኝ በደረጃ ነው። እንደተማርኩት አደረግኩ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ አልዋሸሁም።»

«ጓሳ ቢወስዷቸውስ?»

ካፖርታቸውን ቆለፉ። «መምሬ በወጣትነታቸው ሣር ያጭዱ ነበር፤ ጠይቄ አውቄያለሁ። ጓሳን ብከፍትላቸው ኖሮ ይገቡ ነበር» አሉኝ። ትንሽ ሄድንና ደግሞ ተናገሩ። «ከነገ ጀምሮ በቃሌ ማንም አይገባም። ወሬኛ እንደሆንኩ ታውቋል።»

ያሉት ሆነ። በወሩ ወይዘሮ አሰለፈች እግሯን እሾህ ወግቷት፣ አመርቅዞ መጣች። እኔ አግዳሚው ላይ ስለ ሣሩ ልነግራት ስጀምር «ተው ባክህ ተክሌ፣ አንተም እንደሳቸው ወሬኛ ሆንክ» አለችኝ። ውስጥ ገባች። እንዝርቱን ሰቀሉላት። «ወሬውን ይተዉትና ይቁረጡት» አለቻቸው። ቆረጡት። ጩኸቷ ገበያው ድረስ ተሰማ። ስትወጣ ዓይኗን እየጠረገች ግራ ገብቷት አየችኝ። «ያኔ እጄ እንዴት ሳያመኝ ቀረ? በስሎ ነበር መሰለኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ እንዝርት አልተሰቀለም። ለእኔም ከወረዳ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣልኝ። በሥራ ላይ ተኝቶ ተገኝቷል ይላል። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ቦታውም ደጀ ሰላም። ሃምሳ አለቃ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ስለ እኔ ብለህ ነው፤ እኔ ልመልስላቸው» አሉ። «ይተዉት፤ የተማረ ሰው ደክሞበት የጻፈው ነው» አልኳቸው።

ብዙ ዓመት ሠሩ። መርፌ ወጉ፣ ቁስል አጠቡ፣ ጥርስ ነቀሉ። ሰው ከእጃቸው ሥር ይጮህ ነበር፤ እሳቸውም እስኪጨርስ ይጠብቁ ነበር። አልተማረሩም። እሑድ እሑድ በሰንበቴው መሐል ሲቀመጡ ፊታቸው ቤቱ የገባ ሰው ፊት ነበር። ደረት ማየታቸውን ግን አልተዉም። አንዳንድ ጊዜ የሚያለቅስ ሕፃን ሲገባ ከንፈራቸው ሲከፈት አያለሁ፤ ከዚያ እናቲቱን ያዩና ይዘጉታል።

በኋለኛው ዘመን፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ እኔን ጥርሴን አመመኝ። የገበያ ቀን ነው። ውጭ አግዳሚው ሞልቷል፤ የመምሬ ባለቤት ጭምር ተራ ይዘዋል። መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒት አልቋል፤ ይህንንም ማለዳ ለሁሉም የተናገርኩት እኔው ነኝ።

በሩን ዘጉት። «ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«እኔ መቼ ከልክዬዎት አውቃለሁ» አልኩ።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁለት ቃል ሳይናገሩ ሄድኩ። ብርዱን አገኘሁት፤ አገጬ የሌላ ሰው አገጭ ሆነ። ሩቅ ቦታ ላይ አንድ ሰው ከመሬት ካስማ ለመንቀል ሲታገል ይሰማኛል። ካስማው የኔ አይደለም፤ መሬቱም የኔ አይደለም። ደልቶኝ ተቀምጫለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ውጭ ሰው ተቀምጧል፤ ማደንዘዣ እንደሌለ ያውቃል። ከዚህ ክፍል ድምፅ ካልወጣ ምን ሊሉ ነው? ያ ሁሉ ዳኝነት፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ ንስሐ አባታቸው፣ ከጽዱ ሥር ያለው ቦታቸው በእኔ ዝምታ ሊበላሽ ነው። ሐሳቡ ከታች ድረስ ወርዶ አገኘኝ። ጉልበቴን አሰባሰብኩና አፌን ከፍቼ በኃይል ጮህኩ።

«ወይኔ! ወይኔ እናቴ! ገደሉኝ!»

ከውጭ የመምሬ ባለቤት «አይ ተክሌ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲሉ ሰማሁ። ሌላውም ከንፈሩን መጠጠ። ነገሩ በደንብ ተሰምቷል ማለት ነው።

ሃምሳ አለቃ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ተክሌ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጥርሱ ግን ከወጣ ቆይቷል።»